ሜዳዎቿን የምትውጥ ከተማ

የሲ.ኤም.ሲ ሌሊት ጸጥ ብሎ አያውቅም። ከምሽቱ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ የመንገዱ ግርግር ሲበርድና ከየካ ተራራ የሚወርደው ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ሲገባ፣ ከደቡብ ምዕራብ በኩል አንድ ድምፅ ይነሣል። መጀመሪያ የሩቅ ነጎድጓድ ይመስላል፤ ቀጥሎ እየጠነከረ ይመጣና የመስኮቱን መስታወት ነዘር አድርጎ ያልፋል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሌላው ይከተላል፤ ከዚያም ሌላው። እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ድረስ እንዲህ ነው፤ የቦሌ አውሮፕላኖች ወደ አውሮፓና ወደ እስያ የሚወጡበት ሰዓት ነውና።

እናቴ በዚያ ሰዓት አትተኛም። መቁጠሪያዋን በጣቶቿ መካከል እያንከባለለች፣ ድምፁ ከጣራችን በላይ ሲደርስ ‹‹በሰላም ግቡ›› ትላለች። ማን እንደተሳፈረ አታውቅም፤ ወዴት እንደሚሄዱም አትጠይቅም። ታላቅ ወንድሜ በ1978 ዓ.ም. በቦሌ ከወጣ ወዲህ በሰማይ የሚያልፍ ሁሉ ልጇ ነው። ወንድሜ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ መጥቶ ተመልሷል፤ ምርቃቷ ግን አንድም ሌሊት አልታጎለም።

በቅርቡ ከሬዲዮ የሰማችውን ይዛ ወደ እኔ መጣች። ‹‹አውሮፕላን ማረፊያው ወደ ቢሾፍቱ ሊሄድ ነው አሉ፤ እውነት ነው?›› እውነት መሆኑን ነገርኋት። ጥቂት ዝም አለችና ‹‹ቦሌስ?›› ብላ ጠየቀች። ይህን ጽሑፍ የጀመርሁት ለዚህች አጭር ጥያቄ መልስ ስፈልግ ነው።

መልሱን ፍለጋ ወደ ኋላ ስሄድ ያገኘሁት ነገር እነሆ፦ አዲስ አበባ የአውሮፕላን ሜዳዋን ስታዛውር የአሁኑ የመጀመሪያዋ አይደለም። መቶ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከአንዱ ሜዳ ወደ ሌላው ስትዘዋወር ኖራለች። ነገሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ከብት የሚሰማራበት ወይም እህል የሚዘራበት ሰፊ መስክ ይመረጣል። ከዚያ ከተማይቱ ራሷ መንገድ አውጥታ፣ ቤት እየሠራች መስኩን ተከትላው ትሄዳለች። ትደርስበታለች፤ ትከበዋለች፤ በመጨረሻም ትውጠዋለች። አውሮፕላኖቹም ለሰፈሩ ስም ብቻ ትተውለት ሌላ መስክ ፍለጋ ይነሣሉ።

የመጀመሪያው መስክ ገፈርሳ ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም.፣ ገና ክረምቱ ሳይወጣ፣ አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ አብራሪ ከጅቡቲ ተነሥቶ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ባለው በዚህ ሜዳ ላይ አረፈ። አውሮፕላኑ ፈረንሳይ ሠራሽ ፖቴዝ 25 ነበር፤ ስሙም ‹‹ንስረ መኮንን›› ተባለ። ወር ሳይሞላ ጀርመን ሠራሹ ዩንከርስ ተከተለው። ንጉሥ ተፈሪ እነዚህን አውሮፕላኖች ሲያስመጡ ባቡር ከጅቡቲ አዲስ አበባ መድረስ ከጀመረ ገና አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። ባቡሩ በየመንገዱ እያደረ በቀናት የሚጨርሰውን ጉዞ ይህ አዲስ ፍጥረት በሰዓታት ጨረሰው። የዕቃው መጠሪያ ‹‹አውሮፕላን›› ከፈረንሳይኛ የመጣ ቢሆንም፣ የእያንዳንዱ የክብር ስም ግን ከአገር ቤት ወጣ። ዳዊት ለሚደግም ሕዝብ ንስር እንግዳ ወፍ አልነበረምና። ዛሬ የገፈርሳን ስም ስንሰማ ትዝ የሚለን የከተማው የመጠጥ ውኃ ግድብ ነው፤ የመጀመሪያው ክንፍ ያረፈበት ስፍራ መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ከገፈርሳ ቀጥሎ አውሮፕላን ወደ ከተማይቱ እቅፍ ገባ። የጥምቀት ታቦታት የሚያድሩበትና የፈረስ ጉግስ የሚታይበት ጃንሜዳ የአውሮፕላን መንደርደሪያም ሆነ። ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች መካከል ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የሚጠቀሱት በዚህ ዘመን ነው። ነገር ግን ክንፉ መንገደኛ ከማመላለሱ በፊት ጦርነትን ተሸከመ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም፣ የራስ ጉግሣ ወሌ ጦር ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ሲገጥም፣ አስቀድሞ በራሪ ወረቀት የበተኑት አውሮፕላኖች ቦምብ ይዘው መጡ። ራስ ጉግሣም በዚያው ቀን ወደቁ። የሰሜን ገበሬ ብዙው አውሮፕላንን ያወቀው በዚህ መልኩ ነው፤ ስድስት ዓመት ሳይሞላም የባሰውን ከጣሊያን አየ።

ሦስተኛው መስክ ከከተማው በስተደቡብ ያለው የአቃቂ ሜዳ ነበር። በ1927 ዓ.ም. ከአሜሪካ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ያኔ ያገኘው አየር ኃይል የማይታጠቅ፣ በቁጥርም ከደርዘን ብዙ የማይርቅ ነበር። በእነዚያ አውሮፕላኖች መልእክትና መድኃኒት እያመላለሰ፣ ከጣሊያን ተዋጊዎች በደመናና በተራራ ጥግ እየተሸሸገ ወደ ጦር ግንባር ተመላለሰ። ከነፃነት በኋላም በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን በረራ አስተማረ። በ1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ቆስሎ ሞተ፤ የተቀበረውም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። አገሩን ትቶ በሌላ ሕዝብ ሰማይ ላይ የተዋጋ ሰው በዚያው ሕዝብ አፈር ማረፉን ሳስብ፣ እናቴ ‹‹በሰላም ግቡ›› የምትለው ለእንዲህ ያለውም ጭምር ይመስለኛል።

አራተኛው ልደታ ነው። ከቤተ ክርስቲያኗ ስሙን የወሰደው ይህ ሜዳ የከተማው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ‹‹ቲኬት ቆርጦ›› ወደ ሰማይ የወጣበት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ቲ.ደብልዩ.ኤ ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ስምምነት ተቋቋመ፤ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አውሮፕላኖቹ ከዓለም ጦርነቱ የተረፉ ዳግላሶች ነበሩ። ወንበራቸው ግድግዳቸውን ይዞ የተዘረጋ አግዳሚ ሲሆን፣ ሰውና ጭነት አንድ ላይ ይጓዛሉ። ካይሮን ተከትለው ኤደንና ጅቡቲ፣ ከአገር ውስጥም ጅማ መጡ።

የጅማው በረራ ትልቅ ቁም ነገር ነበረው። መንገድ በክረምት በሚቆረጥበት፣ በቅሎ ሳምንታት በምትፈጅበት አገር ዳግላስ በሣር ሜዳ ላይ ማረፍ ይችል ነበር። ሜዳውን ለማዘጋጀት ድንጋይ መልቀም፣ ጉቶ መንቀል፣ አውሮፕላኑ ሲመጣም ከብቱን ከሜዳው ማባረር ይበቃ ነበር። በዚህ መንገድ በርካታ የጠቅላይ ግዛት ከተሞች ከአስፋልት በፊት አውሮፕላን አዩ። ኋላም ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም በአንድ የጉዞ መስመር ተያይዘው ቱሪስት የሚጎርፍባቸው ሆኑ። የዛሬዎቹ የክልል አውሮፕላን ማረፊያዎች ስንቶቹ የእነዚያ የሣር ሜዳዎች ልጆች ናቸው!

ልደታን ያሸነፈው አየሩ ነው፤ የአየሩ መሳሳት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች። አየሩ ሲሳሳ ክንፍ የሚደገፍበት፣ ሞተርም የሚተነፍሰው ያንሰዋል። ስለዚህ አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት ረዘም ያለ መሬት መሮጥ አለበት፤ ጄት ሲሆን ደግሞ ይበልጥ። ልደታ ለዳግላስ በቂ ነበር፤ ለጄት ግን አጭር ሆነ፤ ለማስረዘም ደግሞ ከተማው ዙሪያውን ይዞታል። አውሮፕላኖቹ ሄዱ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ‹‹ኦልድ ኤርፖርት›› ይባላል። ‹‹ቤታችን ኦልድ ኤርፖርት ነው›› የሚል የሰፈሩ ልጅ፣ አያቱ ምናልባት በዚያው ቦታ ካፖርት ለብሰው ወደ አሥመራ ተሳፍረው እንደነበር ላያውቅ ይችላል።

አምስተኛው ቦሌ ነው። ያን ጊዜ ከከተማው ወጥቶ ገበሬ የሚያርሰው መስክ ነበር። አየር መንገዱ ያዘዛቸው ሁለት ቦይንግ 720ቢ ጄቶች በ1955 ዓ.ም. ገብተው፣ በጥር ወር ወደ ናይሮቢ መብረር ጀመሩ። ማረፊያው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ታሪክ መጣበት፦ በግንቦት 1955 ዓ.ም. ከሠላሳ የሚበልጡ የአፍሪካ አገሮች መሪዎችና ልዑካን በዚህ መንደርደሪያ ላይ አንድ በአንድ አረፉ። ግንቦት 17 ቀን ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ተፈረመ። አዲስ አበባ የአህጉሩ መናገሻ የሆነችው በአፍሪካ አዳራሽ ብቻ አይደለም፤ ቦሌ ባይኖር ጉባኤውን ማን ደርሶ ይቀመጠው ነበር? ከማረፊያው ወደ መስቀል አደባባይ የሚወስደው መንገድ የአፍሪካ ጎዳና መባሉ የሚገባ ነው።

ቦሌ ከስፍራነት ወደ ቃልነት የተሻገረው ግን በደርግ ዘመን ነው። ያን ጊዜ ፓስፖርት ብቻውን አያስወጣም፤ የመውጫ ቪዛ ያስፈልጋል። ያገኘ በቦሌ ይወጣል። ያላገኘ በረሃ አቋርጦ፣ ድንበር ጥሶ በእግሩ ይወጣል። ‹‹በቦሌም ሆነ በባሌ›› የሚለው አባባል ከዚህ ጋር ተያይዞ ሲነገር ሰምተናል። ዛሬ ‹‹እንደምንም ብሎ›› ለማለት ቀልድ እየመሰለ ይነገራል። የሁለቱ ቃላት ቤት መምታት የሁለት ዕጣ ልዩነትን እንደሸፈነ የሚያስታውስ ግን ያስታውሳል።

ወንድሜ ዕድለኛ ነበር፤ ለትምህርት ተልኮ በቦሌ ወጣ። ጠዋት ነበር። እናቴ ድርቆሽ፣ በሶና በርበሬ በከረጢት አስራ ይዛለች። እርሱ ከበሩ ወዲያ ገብቶ ከዓይናችን ሲጠፋ፣ እርሷ ከአጥሩ አልነቀል አለች፤ አውሮፕላኑ ተነሥቶ ነጥብ እስኪያህል ድረስ ቆመን አየን። የጎረቤታችን ልጅ ከእርሱ ጋር አንድ ክፍል የተማረ ነው። ለእርሱ መውጫ ቪዛ አልተሰጠውም። በዚያው ዓመት አንድ ሌሊት ከቤቱ ጠፋ፤ በባሌም ይሁን በሌላ በኩል፣ በእግሩ ሄደ። እስከ ዛሬ ወሬው አልተሰማም። እናቱ የምትመርቀው አውሮፕላን አልነበራትም።

ቦሌ በዚያው ዘመን ሌላም አየ። በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ በጸናበት ወቅት የብዙ አገሮች የጭነት አውሮፕላኖች በሜዳው ላይ ተሰለፉ። የብሪታንያ ሄርኩለሶች ከአዲስ አበባ እየተነሡ ወደ ሰሜን እህል አደረሱ፤ ማረፍ በማይቻልበት ስፍራም ዝቅ ብለው እየበረሩ ከረጢቱን ጣሉ። ስድስት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ማንም የማይረሳት የግንቦት ሳምንት መጣች። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. የአገሪቱ መሪ በአውሮፕላን ከአገር ወጡ። ግንቦት 16 እና 17 ሠላሳ ስድስት ሰዓት ገደማ በፈጀ ዘመቻ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከቦሌ ተነሥተው ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ቦታ እንዲበቃ ወንበር የተነቀለለት አንድ ቦይንግ 747 ብቻውን ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ጫነ። ግንቦት 20 አዲስ ሠራዊት ከተማ ገባ። በስምንት ቀን ውስጥ ያ መንደርደሪያ የአንድ መንግሥት መጨረሻና የሺህ ዓመታት መለያየት ምስክር ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ከተማይቱ እንደ ልማዷ ሜዳዋን ተከተለች። ቦሌ መንገድ ፎቅ በፎቅ ሆነ፤ ገርጂ፣ ጎሮ፣ ሰሚት፣ አያት ተያይዘው መጡ። የእኛው ሲ.ኤም.ሲ ስሙን ከአንድ የጣሊያን የሕንፃ ሥራ ድርጅት አሕጽሮት ወስዶ፣ በጥቂት ቤቶች ጀምሮ ዛሬ መጨረሻው የማይታይ ሰፈር ሆኗል። በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ በመካከሉ አለፈ። ከእነዚህ ቤቶች ስንቶቹ በቦሌ በወጡ ልጆች ገንዘብ ተሠሩ? ልጁ በሰማይ ይሄዳል፤ ገንዘቡ ተመልሶ ከሰማዩ በታች ግድግዳ ይሆናል።

ማረፊያውም አደገ። በ1995 ዓ.ም. አዲሱ ተርሚናል ተከፈተ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ተስፋፍቶ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ ማስተናገድ እንደሚችል ተነገረ። አሠራሩም ተለወጠ። ማለዳ ከእስያ፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጡ አውሮፕላኖች በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተከታትለው ያርፋሉ፤ የጫኗቸው ሰዎች ወደ አፍሪካ ከተሞች በሚነሡት ላይ ይከፋፈላሉ። ማታ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከአፍሪካ የመጡት ተሰብስበው ወደ ሩቅ ይሄዳሉ። እናቴ የምትሰማው ይህን የማታውን ሞገድ ነው። ከመንገደኛው ብዙው አዲስ አበባን አያያትም፤ ከአንዱ በር ወጥቶ በሌላው ይገባል። ሆዳቸው ውስጥ ጽጌረዳ ይዘው የሚነሡም አሉ፤ ከስምጥ ሸለቆና ከአዲስ አበባ ዙሪያ የተቆረጠው አበባ በቀዝቃዛ ክፍል ቆይቶ በነጋታው አውሮፓ ገበያ ላይ ይገኛል። የአገር በር የነበረው ቦሌ የአህጉር መስቀለኛ መንገድ ሆኗል።

አንድ ጠዋት ግን ሁላችንም ቆመን ቀረን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የተነሣው አውሮፕላን ስድስት ደቂቃ ያህል በርሮ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። የ157 ሰዎች ሕይወት ጠፋ፤ ከሠላሳ በላይ አገሮች አለቀሱ። እሑድ ነበር። እናቴ የሌሊቱን እንጂ የጠዋቱን አውሮፕላኖች አትመርቅም ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የጠዋቶቹንም ጨመረች።

አሁን ስድስተኛው መስክ ተመርጧል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ በተባለ ስፍራ የታላቁ ማረፊያ ግንባታ በጥር 2018 ዓ.ም. በይፋ ተጀምሯል፤ ሲጠናቀቅ አራት መንደርደሪያ፣ በዓመትም ከመቶ ሚሊዮን በላይ መንገደኛ የማስተናገድ አቅም እንዲኖረው ታቅዷል። ምክንያቱ ልደታን ያስለቀቀው ያው ምክንያት ነው፤ ከተማው ቦሌን ከብቦታል፤ አየሩም ስስ ነው። ከቦሌ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ በአንድ እስትንፋስ አሜሪካ መድረስ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አውሮፕላን በመንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል፤ ሲመለስ ግን ከዝቅተኛ ስፍራ ስለሚነሣ ያለ ማረፍ ይመጣል። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በጥቂት መቶ ሜትሮች ዝቅ ትላለች፤ እነዚያ ጥቂት መቶ ሜትሮች ለአብራሪ ብዙ ናቸው።

ነገር ግን ሜዳ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ‹‹ሰፊ ሜዳ ተመረጠ›› ብለን ስንጽፍ፣ በሜዳው ላይ ያለውን ሰው ከዓረፍተ ነገሩ እያወጣነው ነው። ገፈርሳም፣ ቦሌም የሚያርሳቸው ነበራቸው። የአቡሴራ ገበሬዎችም ካሣ እየተቀበሉ ከመሬታቸው እየተነሡ ነው። የቀደሙትን ሜዳዎች ታሪክ ስንጽፍ የአብራሪዎቹን ስም አግኝተናል፤ የአውሮፕላኖቹን ስም እንኳ አግኝተናል፤ የገበሬዎቹን ስም ግን አላገኘንም። የዚህኛውን ሜዳ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከዛሬው ቢጀምር ይህን ጉድለት ሊሞላው ይችላል። በቦሌም በባሌም ሳይሆን ከገዛ ደጃፉ የወጣው ሰውም መንገደኛ ነውና።

‹‹ቦሌስ?›› ላለችው እናቴ የሰጠኋት መልስ አጭር ነበር። ‹‹ስሙ ይቀራል›› አልኋት። ጃንሜዳ ታቦት እያሳደረ ቀርቷል፤ ልደታ ‹‹ኦልድ ኤርፖርት›› እየተባለ ቀርቷል፤ ቦሌም ከአፋችን አይወጣም። አንድ ቀን የሲ.ኤም.ሲ ሌሊት በእርግጥ ጸጥ ይል ይሆናል፤ የዚያን ጊዜ ልጆች ደግሞ በአባባሉ ውስጥ ያለው ቦሌ ምን እንደነበር አያቶቻቸውን ይጠይቃሉ።

እናቴ በመልሱ የረካች አልመሰለኝም። ያን ሌሊት ግን የመጀመሪያው ድምፅ ከደቡብ ምዕራብ ሲነሣ፣ እንደ ወትሮዋ ቀና ብላ ‹‹በሰላም ግቡ›› አለች። ቀጥላም ከዚህ ቀደም ሰምቼው የማላውቀውን ጨመረች፦ ‹‹በእግራችሁ የሄዳችሁትም።››